አንአቤይትድ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደያዝኳት

የእንግሊዝኛ ዜና የሚያነብ ሰው አንአቤይትድ የምትለዋን ቃል ሳያገኛት አይቀርም። ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የዋጋ ንረት ባለበት ሁሉ አለች። መዝገበ ቃላት «ያልቀነሰ» ይላል። እሺ፣ ግን በዚህ ብቻ አረፍተ ነገር መሥራት ከባድ ነው።

እኔን የረዳኝ የጅማ ክረምት ነው። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበ ይወርዳል፤ ሰው ሁሉ በረንዳ ስር ተጠግቶ «እስቲ ትንሽ ጋብ ይበል» እያለ ይጠብቃል፣ ባጃጆቹም ሸራቸውን ጥለው ጥግ ይይዛሉ። ከዚያ ኃይሉ ይበርድና ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ ያድራል። አላቋረጠም፣ ግን ጋብ ብሏል። ስለዚህ ይሄኛው አንአቤይትድ አይባልም! ዶፉ በጀመረበት ጉልበት እስከ ማታ ከዘለቀ ግን በደንብ ይባላል። ይህን ልዩነት ካያችሁ ቃሏን ይዛችኋታል፤ ሳያቋርጥ እና ጋብ ሳይል ለየቅል ናቸው።

ግንዱ አቤይት የሚለው ግስ ነው፤ ማዕበል፣ ህመም ወይም ንዴት በረድ ሲል ይነገራል። የመጣው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲሆን እዚያ መትቶ መጣል ማለት ነበር። ፊቷ ላይ ያለችው «አን» አፍራሽ ናት።

ሁለተኛው የጠቀመኝ ነገር ጓደኞቿን መፈለግ ነው። ቃልን ብቻዋን አልሸመድድም፣ ከማን ጋር እንደምትውል አያለሁ። ይቺ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮንቲኒው ከሚለው ግስ ኋላ ነው የምትቀመጠው፦ «ዘ ሬይን ኮንቲኒውድ አንአቤይትድ»። መጨረሻዋ ላይ «ሊ» አትጨምሩ፣ እንዲሁ ትበቃለች። ከስም በፊትም ትገባለች፤ «አንአቤይትድ ኢንቱዚያዝም» ያልበረደ ጉጉት ነው። ጉልበቱ ሊቀንስ ለማይችል ነገር፣ ለምሳሌ ለቤት ወይም ለወንበር፣ አትሆንም።

አንድ ለየት ያለ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስጎው ላይ የተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ሰነድ ስለ «አንአቤይትድ ኮል ፓወር» ይናገራል። እዚያ ጋ የተፈለገው ካርቦኑ ሳይያዝ ወደ አየር የሚለቀቅበት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ነው። ከኮል ጋር ካገኛችኋት ዝናቡን ተዉትና ጭሱን አስቡ።