የደም ቅዳ ምን ያህል እንደጠነከረ በአልትራሳውንድ የምለካው እንዲህ ነው

ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ በመታ ቁጥር ትንሽ ተለጥጦ ይመለሳል። ዕድሜ ሲገፋ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ሲቆይ ግን ግድግዳው ይጠነክራል። በጠነከረ ደም ቅዳ ውስጥ የልብ ምት የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ ይፈጥናል። እኔ የምለካው ይህን ፍጥነት ነው። መርፌ የለውም፣ ጨረርም የለውም። ዶፕለር (የደሙን ፍሰት የሚያሳይ) እና ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀዳ) ያለው አልትራሳውንድ ይበቃል።

ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ የኢሲጂ ገመዶች ይያያዛሉ። ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚደረገውን የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ፣ መጀመሪያ አንገት ላይ፣ ቀጥሎ ብሽሽት ላይ አድርጌ ሞገዱን እቀዳለሁ። በሁለቱም ቦታ ከኢሲጂው አር ጫፍ (በየምቱ ከፍ ብሎ ከሚታየው ሹል) እስከ ሞገዱ መነሻ ያለውን ጊዜ እይዛለሁ። የሁለቱ ልዩነት የጉዞው ጊዜ ነው። በቦታዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ በ0.8 አባዛለሁ፤ በቀጥታ የተለካው ርቀት ከእውነተኛው ጉዞ ይበልጣልና። ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 48 (0.48 ሜትር) ይያዛል። ጊዜው 60 ሚሊ ሰከንድ (0.06 ሰከንድ) ከሆነ፣ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ሜትር ይመጣል። ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ያሳስባል።

ዋናው ሥራ ያለው የሞገዱን መነሻ ማግኘት ላይ ነው። ጊዜው 10 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ቢያጥር ያ 8 ሜትር 9.6 ይሆናል! ብሽሽት ላይ መነሻው ብዙ ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንገት ላይ ግን ልብ ሲያርፍም ደሙ መፍሰሱን ስለማያቆም ሞገዱ ከዜሮ መስመር አይነሳም። ስለዚህ ሞገዱን ስክሪኑ ላይ በሰፊው እዘረጋዋለሁ፣ ሽቅብ መውጣት የሚጀምርበትን ነጥብ እፈልጋለሁ፣ የብዙ ምቶችን አማካይ እወስዳለሁ። የልብ ምቱ በተዘበራረቀ ሰው ላይ ይህን ዘዴ አልጠቀምም፤ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጊዜ ስለማልለካቸው።

ፕሮቡን መጫንም ጥሩ አይደለም። አንገት ላይ ከደም ቅዳው አጠገብ ያለው ደም መልስ ተጨፍልቆ ከጠፋ እጄ ከብዷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቡና አለ። ከምርመራው በፊት ለ3 ሰዓት ያህል ቡናና ሲጋራ አይፈቀድም። እኛ አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንዲት እናት «እናቴ፣ ዛሬ ቡና ጠጥተዋል?» ስላቸው «ኧረ ልጄ፣ አቦሉን ብቻ ነው፤ ቶናው ሳይደርስ ተነሳሁ» አሉኝ። ለሌላ ቀን ቀጠርኳቸው። ቡና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ከፍ ሲል ደግሞ ሞገዱ ይፈጥናል። የለካሁት የደም ቅዳውን ጥንካሬ ይሁን የቡናውን ጉልበት በምን እለያለሁ? በሌላ ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ መጡ፤ 10 ደቂቃ ያህል አሳርፌ፣ ግፊታቸውን እዚያው አልጋው ላይ ለክቼ ጀመርኩ።

ግፊት ያልተጻፈበት ውጤት ለሐኪም አልሰጥም። የልብ ምቱን፣ ሰዓቱን፣ ርቀቱ እንዴት እንደተለካም አብሬ እጽፋለሁ። ከወራት በኋላ ምርመራውን የሚደግመው ባለሙያ በተመሳሳይ ሁኔታ ለክቶ ማነጻጸር የሚችለው ይህን ሲያገኝ ነው።