ለስልክ የሚታዘዘው ፕሪንተር

የኔትወርክ ባለሙያ አይደለሁም። ሥራዬ ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ግን ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ኢንተርኔት መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ሆነ።

እኛ ጋ ዴስክቶፖቹ በኬብል፣ ላፕቶፖቹና ስልኮቹ በዋይፋይ ነው የሚሠሩት። አዲሱ ፕሪንተር የተቀመጠበት ጥግ ኬብል ስለማይደርስ በዋይፋይ አገናኘነው። ከስልክ ሲታዘዝ ወዲያው ያትማል። ከእኔ ዴስክቶፕ ሲታዘዝ ግን ዝም። ሁለት ቀን ሙሉ ፋይሌን ለባልደረባዬ በኢሜይል እየላክሁ ከላፕቶፗ አተመችልኝ። በሦስተኛው ቀን «የኅትመት ክፍል አበል ጨምሪልኝ» አለችኝ። ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኛ!

ኢንተርኔቱ ለሁላችንም እየሠራ መሆኑ ነው ያሳሳተኝ። በመጨረሻ የእኔንና የባልደረባዬን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አየሁ። የእኔ 192.168.0.14፣ የእሷ 192.168.1.23። ሦስተኛው ቁጥር ይለያያል። ለካ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ኔትወርክ ነበረን። የዋይፋዩን ራውተር የተከለው ሰው ከዋናው ራውተር የመጣውን ኬብል «ዋን» የሚለው፣ የውጭ መስመር መቀበያ ፖርት ላይ ሰክቶታል። እንዲህ ሲሆን ራውተሩ የራሱን ግቢ ያጥራል። ከውስጥ ያሉት መውጣት ይችላሉ፣ ከውጭ ያለ ግን ዘው ብሎ አይገባም። ፕሪንተሩ አጥሩ ውስጥ፣ እኔ ውጭ።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። የዋይፋዩ ራውተር አድራሻ እንዳያድል ዲኤችሲፒውን ማጥፋት፣ ለራሱም ከዋናው ኔትወርክ ማንም ያልያዘውን አድራሻ መስጠት፣ ከዚያ ኬብሉን ወደ «ላን»፣ ማለትም ወደ ውስጥ መስመር ፖርት ማዛወር። እኔ ግን ቸኩዬ መጀመሪያ ኬብሉን አዛወርኩ። ሁለት ራውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ማደል ጀመሩ። ከተሳሳተው የተቀበለ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱ ጠፋበት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ስሜ ሲጠራ ዋለ ማለት ይቻላል።

ይህ ካለፈ በኋላ አለቃችን ጠሩኝ። ላፕቶፓቸው ላይ ኬብልም ዋይፋይም አብረው ይሠራሉ። «ሁለቱም ሲበሩ ፍጥነቱ አይደመርም እንዴ?» አሉኝ። አይደመርም አልኳቸው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስመር ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጥና ትንሹን ይመርጣል። ደህና የ1 ጊጋቢት ኬብል 25 ስለሚያገኝ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ያሸንፋል።

ላሳያቸው ብዬ የመስመሮቹን ቁጥር የሚያሳየውን ትእዛዝ «ራውት ፕሪንት» ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ። ዋይፋዩ 30፣ ኬብሉ 35! የእሳቸው ኬብል በ100 ሜጋቢት ብቻ ነበር የተገናኘው። ለጊጋቢት ስምንቱም ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፣ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ከቀሩት አራቱ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ኬብሉ አይሞትም፣ ዝም ብሎ ያዘግማል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጠረጴዛው እግር ላዩ ላይ ቆሞበታል። ያ ኬብል ለስንት ጊዜ ለጌጥ እንደተሰካ እንጃ።

አዲስ ኬብል ስሰካ ቁጥሩ 25 ሆነ። «ታዲያ ዋይፋዩን ላጥፋው?» አሉ። ይተዉት አልኳቸው፤ ላፕቶፑን ነቅለው ስብሰባ ሲገቡ ያስፈልጋቸዋል። ጠረጴዛውን ግን ሁለት ሆነን ገፋነው።