ቆጣሪው የማን ነው?

መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የዞረ ሰው ያውቀዋል። ከመልስ አማራጮቹ መጨረሻ ላይ «ሌላ፣ ይገለጽ» የሚል መስመር አለ። ሱፐርቫይዘሮች አይወዱትም። እዚያ ላይ የተጻፈውን ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ኮድ መስጠት፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አለበት። ጎንደር ውስጥ በሠራሁት አንድ ጥናት ያ መስመር ከአለቃዬ ጋር አጋጭቶኛል። ነገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥናቱ ስለ ማገዶ ነበር። የከተማው ነዋሪ ከእንጨትና ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አልዞረም የሚል። እኔም ዓላማውን ወድጄው ነው የገባሁበት። ጎንደርን የከበበውን ተራራ ላየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ ይወርዳል። የወረደው አፈር የምንጠጣውን ውኃ የያዘውን የአንገረብ ግድብ ሲሞላው ኖሯል። በሌላ በኩል የአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋዋት ነው፤ ውኃው ከዚሁ ከጣናችን ነው የሚሄደው። እንጀራችንን በዚህ ኃይል ብንጋግር ጫካውም ይተርፋል፣ እናቶችም ከጭስ ይገላገላሉ። ይህን ያኔም አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የኤሌክትሪክ ምጣድ የማይጠቀሙበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው?» 1፣ ዋጋው ውድ ነው። 2፣ መብራት ይቆራረጣል። 3፣ የግንዛቤ እጥረት። 4፣ ሌላ።

አዘዞ ውስጥ አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ቤት ገባሁ። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። እሳቸው የሚጋግሩት በእንጨት ነው፤ ጭሱ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ጥያቄዋን አነበብኩላቸው።

«ምጣድማ አለኝ» አሉኝ። አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ጎተት አድርገው አሳዩኝ። የእቁብ ብራቸው ሲደርሳቸው የገዙት ነው።

«ታዲያ ለምን አይጋግሩበትም፣ እናቴ?»

«አየ ልጄ፣ ቆጣሪው የኔ መስሎሻል? አንድ ቆጣሪ ለአምስታችን ነው። አከራያችን ምጣድ የሚሰካ ቤት ይልቀቅ ብለዋል። አልፈርድባቸውም። ሒሳቡ ሲመጣ ጎረቤቶቼም የሚያዩት እኔን ነው።»

በጋራ ቆጣሪ የኖረ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ለማያውቀው ግን ላስረዳ። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የተሠራው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በዚያን ጊዜ በነበረው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍላል። ከ200 በላይ ያለው እርከን 2 ብር ነው። ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ርካሹ እርከን የተቀመጠው ለድሃው ታስቦ ነው። አሁን ያን ግቢ አስቡት። አምስቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን 45፣ 45 ቢያቃጥሉ ቆጣሪው የሚያነበው 225 ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ባለ 27 ሳንቲም ነበሩ። አንድ ላይ ስለተቆጠሩ 2 ብር የሚከፈልበት እርከን ውስጥ ገቡ። ብቻውን በቪላ የሚኖር ቁጥብ ሰው ከነሱ ባነሰ ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ላይ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ቢሰካ ምን እንደሚሆን አከራዩም ያውቃሉ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ተከራዩ በራሴ ስም ቆጣሪ ላስገባ ቢል የይዞታ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ከየት ያመጣል?

እኔ 4ን መርጬ «ቆጣሪው የአከራይ ነው፣ ምጣድ ተከልክሏል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሰሞን እንደሱ የጻፍኩበት ቤት እሳቸው ጋ ብቻ አይደለም። አብረውኝ የሚዞሩት ልጆችም እንደዚሁ ጽፈዋል።

ማታ መጠይቅ ስናስረክብ ሱፐርቫይዘሩ ጠራኝ። የኔን ቅጾች ለይቶ አስቀምጧቸዋል።

«ይህ 3 ነው» አለኝ።

«እንዴት 3 ይሆናል? ሴትዮዋ ምጣድ ገዝተዋል እኮ። ምጣድ የገዛ ሰው ምን ግንዛቤ ይጎድለዋል?»

«የአከራዩ የግንዛቤ እጥረት ነዋ።»

«አከራዩን አልጠየቅናቸውም። ደግሞ ሒሳቡን አስልተው ነው የከለከሉት።»

«ስሚ፣ ሪፖርት በቁጥር ነው የሚሠራው። አንቺ ታሪክ ጽፈሽ ብታመጪ የት አስገባዋለሁ?»

«አዲስ ኮድ እንስጠው። 5 ብለን እንጨምር። ስንት ሰው ነው ያለው!»

«ቅጹ ጸድቋል፣ አይነካም። ደግሞስ ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ፕሮጀክት የሚሠራው ከባለቤት ጋር ነው።»

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር እስካሁን አልረሳኋትም። ስለ ኮዱ የተናገረውን ግን እረዳለታለሁ። በየቅጹ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንዳለ ቢቀመጥ ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። ቀነ ገደብም ነበረበት። ተከራይ ነገ የለም ማለቱን ግን በምን ልረዳለት? የጎንደር ሰው ሁሉ ባለቤት ነው እንዴ? የቀን ሠራተኛው፣ የተማሪዎች መንደር ውስጥ ቡና የምትሸጠው ልጅ፣ ከገጠር የመጣው ጥበቃ፣ አስተማሪው ራሱ ተከራይ ነው። ቤት ይቀይራል እንጂ ከተማውን አይለቅም። የሚያነደው እንጨትም ከዚያው ተራራ ነው የሚመጣው። ያን ማታ ብዙ ተከራከርኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ምንም አልተለወጠም።

መልሶቹ «ጸዱ»። በኛ ሥራ ዳታ ማጽዳት እንላለን። ሪፖርቱ ሲወጣ የግንዛቤ እጥረት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። መፍትሔው ሥልጠና ተባለ። አዳራሽ ተይዞ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ የጭስን ጉዳት ዕድሜ ልካቸውን ጭስ ውስጥ ለኖሩ እናቶች አስተማሯቸው። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ክርክር የሚሠራው ቅጹ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ እሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ሌላ ድርጅት ጋ ስለ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ጥናት ሲመጣ ይህንኑ አደረግኩ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ ሆኗል። ለጎንደር ደግሞ ባጃጅ ትልቅ ነገር ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ እየተቸረቸረ ይሸጣል። የባጃጅ ታሪፉ በአንድ ቀን ይወጣል። ከአዘዞ ፒያሳ ለቀን ሥራ የሚመላለስ ሰው ከሚያገኘው ላይ ለመንገድ የሚከፍለው ይበዛበታል። በመብራት የሚሄድ ባጃጅ ለዚህ ሰው እረፍት ሊሆን ይችላል።

ረቂቅ መጠይቁ ሲመጣ አነበብኩት። ለሹፌሮቹ «ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ፈቃደኛ ነዎት?» ይላል። ማታ የት ነው ኃይል የሚሞላው የሚል ጥያቄ የለውም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ቆጣሪው በማን ስም ነው?» የሚለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ አልኩ፤ ምክንያቱንም በዝርዝር አያይዤ ላክሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር። አከራይን የሚያስቀይም ጥያቄ ስለሆነ አይካተትም ይላል።

ቅጹን ለመሞከር ስንወጣ የጥናቱ ኃላፊ አብረውን መጡ። ተራ ከያዙት ሹፌሮች አንዱን ጠየቅነው። ወጣት ነው፤ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ እያስገባ የሚነዳ። ፈቃደኛ ነህ ወይ ስንለው ኃላፊው ላይ ጮኸባቸው።

«ባጃጇ የባለንብረቱ! ቤቱ የአከራዬ! ቆጣሪውም የአከራዬ! እኔ ነኝ ፈቃደኛ የምባለው? ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ የሚቆጡኝ ሰውዬ ባጃጅ ያስሰኩኛል?»

ኃላፊው ዝም ብለው ቆዩ። ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። ጥያቄው በማግስቱ ገባ። የኔ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያላስገባውን የልጁ ጩኸት አስገባው። እሱም ቢሆን የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው የተቀመጠው። መላሹም ጠያቂውም ሲደክማቸው የሚደርሱበት ቦታ ማለት ነው። ግን የራሱ ኮድ አለው። ማንም አያጸዳውም።

ይህ ነገር አሁን የባሰ አስቸኳይ ሆኗል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ጭማሪው ለአራት ዓመት የታቀደ ነው። በጋራ ቆጣሪ ላይ ያሉት ቤቶች ያው ከፍ ያለው እርከን ውስጥ እንደተቀመጡ ነው ጭማሪው የሚያገኛቸው። ምጣዱ ከአልጋ ሥር እንዲወጣ ከተፈለገ ተከራይ በውል ወረቀቱ ቆጣሪ የሚያስገባበት መንገድ ይከፈት። ይህ ካልሆነ የጋራ ቆጣሪ ሲነበብ ንባቡ ለቤቶቹ ቁጥር ተካፍሎ እርከኑ ይወሰን። ባጃጁም ቢሆን የሹፌሩ ቤት ድረስ ሄዶ ካልሞላ ማለት የለብንም። ሹፌሮቹ ተራ የሚይዙበት ቦታ ይታወቃል። የኃይል መሙያው እዚያው አዘዞ፣ እዚያው ማራኪ፣ ተራው ጋ ይተከል። ይህንን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በዚህ ላይ ውይይት በሚጠራበት ቀን ደግሞ ያን ልጅና የአዘዞዋን እናት ይዤ ነው የምገባው።