«ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?»

ሰሞኑን አንድ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ስፔን ነህ አይደል? ሪያል ነህ ባርሳ?» አለኝ። አትሌቲክ ቢልባኦ ስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ቢልባኦ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ የደረሰብኝን ስላልነገርኩት ነው።

ያኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የስታዲየም መግቢያ ካርዱን አዋሰኝ። ሳን ማሜስ ስገባ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ስፓኒሽ ለምጃለሁ፤ ከእንግዲህ የአገሩ ሰው ነኝ ባይ ነኝ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሕዝቡ ብድግ ብሎ መዘመር ጀመረ። አንድ ቃል አልገባኝም። አጠገቤ ወዳሉት አዛውንት ጠጋ ብዬ «ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «የቆምክበት አገር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አልመለሱልኝም። ጎል ሲገባ እንኳ እኔን ዘለው ወዲያ ያለውን ሰው አቀፉ።

ዛሬም ድረስ ያቃጥለኛል። እኔ ራሴ «እናንተ የምትናገሩት አረብኛ ነው?» ስባል ደሜ ይፈላል። ፊደል አለን ብዬ ሶፍት ላይ ሀ ሁ ጽፌ የማሳይ ሰው ነኝ። ያንኑ ጥያቄ ለአንድ ሽማግሌ ወረወርኩት።

ቋንቋው ቢልባኦ ያለችበት የባስክ ክልል ቋንቋ፣ ባስክኛ ነው፤ እነሱ ኤውስካራ ይሉታል። ከስፓኒሽ ጋር አይዛመድም፤ ዛሬ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ውስጥ ዘመዴ ነው የሚለውም አልተገኘለትም። በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ተገፍቶ ኖሯል። ክለቡ ራሱ «አትሌቲክ» የሚለው ስሙ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1941 በግድ «አትሌቲኮ» እንዲባል ተደርጓል። ፍራንኮ በ1975 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ውስጥ፣ የባስክ ባንዲራ ገና ሳይፈቀድ፣ የአትሌቲኩ በረኛ ኢሪባርና የሌላው የባስክ ክለብ የሪያል ሶሲዳዱ ተጫዋች ኮርታባሪያ ባንዲራውን ይዘው ሜዳ ገቡ። አሁን የሚዘመረው የባስክኛ መዝሙር የመጣው ደግሞ በ1983 ነው። ግጥሙ የሁዋን አንቶኒዮ ሱቢካራይ ነው፤ ሙዚቃውን ካርሜሎ ቤርናኦላ አቀናበረው። በዚያው ዓመት ክለቡ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እኒያ አዛውንት ይህን ሁሉ በዕድሜያቸው ያዩ ናቸው።

የባስክ ሰው ቶሎ አይቀርብም። ቡና ቤት አብሮህ ይቆማል፣ ቤቱን ግን ዓመት ሙሉ ላታየው ትችላለህ። እኛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምሳ አብልተን በሁለተኛው ቀን ደመወዝህ ስንት ነው እንላለን። የቀረበህ ዕለት ግን ባስኩ የምር ወንድም ነው።

«ስፔን ልመጣ ነው» የምትሉኝ ልጆች፣ መጀመሪያ የትኛው ከተማ እንደሆነ ንገሩኝ። ቢልባኦ ከሆነ ስፓኒሽ ብቻ ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ። እንጀራችሁን በስፓኒሽ ትበሉ ይሆናል። የመንግሥት ሥራ ስትፈልጉ ግን ብዙ ቦታ ባስክኛ ይጠይቋችኋል። ልጆቻችሁም ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚማሩት በባስክኛ ነው። ለአዋቂ የማታ ትምህርት አለ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ እናንተ አትዘግዩ።

መዝሙሩን አሁን ሙሉውን እችለዋለሁ። ያስጠናችኝ ልጄ ናት። ቀይና ነጭ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን እስከ ዛሬ ታስቆመኛለች። ጽሑፉ ላይ ያለውን ዜድ አይቼ «ጎሪ ታ ዙሪያ» እላለሁ።

«ዙሪያ አይደለም አባዬ፣ ሱሪያ! ሱሪያ በል!»