ቆርቆሮው ይቁም፣ ቀሰሙ ይታጠፍ

ስለ አንዲት የምትታጠፍ የስፕሬይ ቀሰም ሙሉ ጽሑፍ ልጽፍ ነው። መሳቅ ይቻላል። ግን መኪና ያለው፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል በር ያለው፣ ወይም ከፍሪጅ ጀርባ በረሮ የሚያሳድድ ሰው እስከ ታች ቢያነበኝ አይጎዳም።

ያቺን ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ ታውቋታላችሁ፤ ደብሊው ዲ 40። ጋራዥ ውስጥ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ሁሉ በእሷ ስም ነው የሚጠራው። ሌላ ብራንድ በእጃቸው ይዘው እንኳ "ደብሊው ዲውን አቀብለኝ" ይባባላሉ። ጎኗ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ቀጭን ቀይ ቀሰም አለች። ቀሰሟን በጣት የምትጫኑት መጫኛ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ስትሰኳት ፈሳሹ በየቦታው ከመበተን ይልቅ ቀጥኖ ወደፈለጋችሁበት ይሄዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትጠፋለች። ቆርቆሮው ገና ሳይጋመስ ቀሰሟ የለችም፤ የት እንደገባች የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። ሁለተኛ፣ ግትር ናት። ቀጥ ያለ ነገር የሚገባው ቀጥ ያለ ቦታ ነው፤ መኪና ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚደረስበት ቡሎን መጀመሪያውኑም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከጀርባ ያለው፣ እጅ ገብቶ ዓይን የማይገባበት፣ ወይም ዓይን አይቶት እጅ የማይደርስበት ነው።

ለዚህ ነው የሚታጠፍ ማራዘሚያ የተሠራው። ውስጡ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ላዩ የሚተጣጠፍ ብረት ነው። እንደ ጠረጴዛ መብራት አንገት የፈለጋችሁበት አጥፋችሁ ስትለቁት እዚያው ይቆያል። ደብሊው ዲ 40 ራሱ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ፣ 8 ኢንች ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም እንዲህ ያለ ቀሰም ያለበት ምርት አለው። ለብቻቸው የሚሸጡና በሌላ ስፕሬይ ላይ የሚሰኩም አሉ።

ብዙ ሰው የዚህ ነገር ጥቅሙ ሩቅ መድረሱ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ትልቁ ጥቅሙ ቆርቆሮው ቆሞ እንዲሠራ ማድረጉ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ቆርቆሮው ውስጥ እንግባ። ከላይ ካለው ቫልቭ ተነስቶ እስከ ታች የሚወርድ ሌላ ቀሰም አለ፤ ሳይጠፋ የሚኖረው ብቸኛው ቀሰም እሱ ነው። ፈሳሹ ታች ነው፣ የታመቀው ጋዝ ደግሞ ከላይ። ስትጫኑት ጋዙ ፈሳሹን ቁልቁል ይገፋዋል፣ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ በውስጠኛው ቀሰም ሽቅብ ይወጣል። አሁን መኪና ስር ተንጋላችሁ፣ ወይም ጠባብ ቦታ አላስገባ ብሏችሁ፣ ቆርቆሮውን ገለበጣችሁት እንበል። ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ይመጣል፣ የቀሰሙ ጫፍ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ ይቀራል፤ እና የሚወጣው ጋዝ ብቻ ነው። ትሽሽ ይላል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ደግሞ የወጣው ወጣ፣ የሚተካው የለም። ስታንቀሳቅሱት ውስጡ ፈሳሽ እያለ የማይረጭ ቆርቆሮ ቤታችሁ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባለ ሱቁን "የተበላሸ ሸጥክልኝ" ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ማን ገልብጦ እንደረጨው ቤት ውስጥ ጠይቁ። ተገልብጦም እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ቫልቭ ያላቸው ስፕሬዮች አሉ፤ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ ይሄ የቆርቆሮ ነገር ዕድሜው ከምንገምተው በላይ ነው። ኤሪክ ሮትሃይም የሚባል ኖርዌጂያዊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው የፈለሰፈው። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ ወታደሮች የወባ ትንኝ የሚገድሉበት የጋዝ ቆርቆሮ ሲታደላቸው ነው። ማለትም ይሄ ሁሉ የፀጉር፣ የቀለምና የብብት ስፕሬይ የፍሊት ታናሽ ወንድም ነው። ደብሊው ዲ 40 የመጣው በ1953 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ነው፤ ውኃ የሚያባርር ፀረ ዝገት ለመሥራት ሲሞክሩ 40ኛው ሙከራ ተሳካ፣ ስሙም እዚያው ቀረ። መጀመሪያ የተቀባው አትላስ የተባለው ሚሳይል ላይ ነበር። ዛሬ ሶማሌ ተራ ከፍሬን ሸራ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል።

ወደ ሥራው እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ክረምቱ ሲወጣ የመኪና ማጠፊያዎች ሁሉ ማልቀስ ይጀምራሉ። የበሩ የታችኛው ማጠፊያ በሩ ሲከፈት ከላሜራው ጀርባ ነው የሚደበቀው፤ በግትሯ ቀሰም ብትረጩ ግማሹ ቀለሙ ላይ ይፈስሳል። በምትታጠፈው ግን ጫፏን ከኋላ አዙራችሁ ልክ ፒኑ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። የኮፈን መቆለፊያም እንዲሁ። ኮፈኑ ሲከፈት ከፊት ያለው ጥርስ ይታያል፤ የሚነክሰው ግን ሽቦው የሚገባበት ከጀርባ ያለው ክፍል ነው፣ እዚያ ቀጥ ብሎ የሚደርስ ነገር የለም።

የሚኒባስ በር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ረዳቱ በሁለት እጁ ጎትቶ፣ በትከሻው ገፍቶ የሚዘጋውን በር አይታችኋል። ብዙ ጊዜ በሩ ተጣሞ አይደለም። መሐለኛው ሮለር የሚሄድበት ሐዲድ ውስጥ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ አቧራና ያረጀ ግሪስ አንድ ላይ ደርቆ ነው። ሐዲዱ ከጎን ጠባብ ነው፣ ሮለሩ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። የታጠፈችውን ቀሰም በሐዲዱ ውስጥ ወደ ሮለሩ አስጠግታችሁ ስትረጩ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ያስገርማል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨቅጭቅ። ይሄ ፈሳሽ ያጥባል፣ ያላቅቃል እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ቅባት አይደለም። አጥባችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ግሪስ ማድረግ አለባችሁ። እሱን ብቻ ነፍቶ ሒሳብ የሚቀበል ሰው ሥራውን ግማሹን ነው የሠራው፤ በሩም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይጮኻል።

ሙቀት ያየ ቡሎንም አለ። የጭስ ማውጫ ቡሎኖች በሙቀትና በዝገት ተጣብቀው ቁልፍ ሲያርፍባቸው ይበጠሳሉ፤ ከዚያ መብሻ ፍለጋ ነው፣ ብየዳ ነው፣ ጣጣ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማታ በቀሰሟ ጥርሱ ላይ ማራስ፣ ጠዋት ደግሞ ማራስ፣ ከዚያ መፍታት። የጋለ ሞተር ላይ ግን በፍጹም። የብዙዎቹ ስፕሬዮች ፈሳሽ ይነዳል፣ የሚገፋቸውም ጋዝ ቡቴን ወይም ፕሮፔን ከሆነ እሱም ይነዳል። ስታርተር ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ተርሚናል አካባቢ የምትረጩ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ብረት የለበሰ ቀሰም ራሱ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍም አትርሱ፤ ይሄን ሲናገር የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። የፍሬን ዲስክና ሸራ አጠገብም ደብሊው ዲ አይደርስም። ዘይት የነካው ሸራ መኪና አያቆምም።

ቤት ውስጥ ለበረሮ የምጠቀምባት ለብቻዋ የተቀመጠች ቀሰም አለችኝ። ከፍሪጅ ጀርባ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ፣ የኪችን ካቢኔት ማጠፊያ ውስጥ፣ ከሲንኩ ስር ቱቦው ግድግዳውን የሚበሳበት። በረሮ የሚወደው ሙቀትና ጠባብ ቦታ ነው። ክፍሉን በሙሉ ፍሊት ነፍቶ በር ዘግቶ መውጣት የለመደብን ዘዴ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሰሃኑና ማንኪያው ላይ ያርፍና በረሮው ስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። በቀሰም ስንጥቁ ውስጥ ጥቂት መርጨት ይሻላል። ፍሪጁን ንቀሉ፣ ምድጃው ጠፍቶ ይሁን፣ መስኮት ክፈቱ። የመርዙን ቀሰም ደግሞ ለሌላ ነገር አታውሱ፤ የእኔ ላይ ቀይ ክር አስሬባታለሁ።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። ቀለም ስፕሬይ ላይ ረጅም ቀሰም አትሰኩ። ቀለሙን አድቅቆ የሚበትነው መጫኛው ላይ ያለችው ደቃቅ ቀዳዳ ናት፤ በቀሰም ስታሳልፉት እንደ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀሰሙም ውስጡ ደርቆ ይደፈናል። ቀሰሙ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይደክማል፣ ጣታችሁን ካነሳችሁም በኋላ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ስታወጡት ጫፉን በጨርቅ ያዙ። መጋጠሚያው ጠባብ ካልሆነ ቀሰሙ በግፊቱ ተፈናጥሮ ፈሳሹ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። በሌላኛው እጅ መጋጠሚያውን ጫን ማድረግና መነጽር ማጥለቅ ነው፣ በተለይ መኪና ስር ከሆናችሁ።

የበር ውስጥ ዝገትን የሚከላከል የሰም ስፕሬይ የሚነፉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ማራዘሚያ አላቸው፤ ረጅም ለስላሳ ቱቦ ሆኖ ጫፉ ዙሪያውን ቀዳዳዎች አሉት። በበሩ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ታስገቡታላችሁ፣ እየረጫችሁ ቀስ ብላችሁ ትስቡታላችሁ፣ ውስጡን በሙሉ ይቀባዋል። እኛ አገር ይሄን የሚያሠራ ሰው ጥቂት ነው። መኪናው ግን ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ሲበላ እናያለን፣ ከዚያ ስቱኮ እናስለጥፍበታለን።

የምትታጠፈው ቀሰም የሌለችው ሰው ምን ያድርግ? ቄራ አካባቢ የማውቀው አንድ ወጣት መካኒክ የእስክሪብቶ ቀፎ ይጠቀማል። ቀለሙ ያለቀ የቢክ ቀፎ በደንብ ታጥቦ፣ ጫፉ በክብሪት ሞቅ ተደርጎ ቀይዋ ቀሰም ላይ ይሰካል፤ መሐሉም እንደዚሁ ሞቅ ሲል ይታጠፋል። (ክብሪቱ ከቆርቆሮው ርቆ!) ሲያሳየኝ ፈገግ ስል አየኝና "ጋሼ፣ አይሳቁ፣ ይሄ ከአሜሪካኑ ይበልጣል" አለኝ። አይበልጥም፤ አንዴ ከታጠፈ ያችው ናት፣ ለሌላ ቡሎን ሌላ ቀፎ ያስፈልጋል። ግን ይሠራል። የግሉኮስ ቱቦ የሚሰኩም አይቻለሁ። እሱን አልወደውም። ቅርጹን አይዝም፣ ይፈናጠራል፣ የፍሬን ማጽጃ ዓይነት ኃይለኛ ፈሳሽ ያበላሸዋል። ከሆስፒታል ቆሻሻ የወጣ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይነካም።

እውነተኛውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ቆርቆሮውን አምጡልኝ እንዳትሉ፤ እንዲህ ያለ የሚነድ ስፕሬይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድና የዘመድ ቂም ይተርፋችኋል። ለብቻዋ የምትሸጠውን ማራዘሚያ ግን ኪስ ውስጥም ይዞ መምጣት ይቻላል። ስታዝዙ የቆርቆሯችሁን መጫኛ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ ቀይዋ ቀሰም የምትሰካበት ቀዳዳ ላይ የምትገባው አለች፣ መጫኛውን ራሱን አውልቆ የሚተካውም አለ፣ ሁለቱ አይለዋወጡም። እኔ ቨርጂኒያ ላለች የአክስቴ ልጅ ፎቶ ልኬ ለጥምቀት ስትመጣ የመጀመሪያውን ዓይነት ይዛልኝ መጣች። አንዷን ያ የቄራው ልጅ "ልሞክራት" ብሎ ወስዷታል፤ እስካሁን እየሞከራት ነው።