ዓይኑ ነው ጆሮው?

ካርዱ ላይ «ዓይኑ አያይም» ይላል። ያሉት ባለቤቲቱ ናቸው፣ የጻፈችው ሪሴፕሽኗ ናት፣ ያጸደቀው ደግሞ አለቃችን ዶክተር ነው። ሁለቱን ሴቶች ያኔውኑ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ክሊኒኩ ካዛንቺስና ኡራኤል መሃል ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም ምክንያቱም እንጀራዬ እዛው ነው። ቡችላው ቦቢ ይባላል፣ ሰባት ሳምንት ገደማ፣ ጭራው ስር ካለችው ጥቁር ነጥብ በቀር ሙሉ ነጭ፣ አንዱ ዓይኑ ቡናማ አንዱ ሰማያዊ። መንገድ ዳር የሸጠላቸው ልጅ «ጀርመን ሸፐርድ ነው፣ ሲያድግ ይጠቁራል» ብሏቸዋል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሚዛን ላይ አወጣሁት።

እትዬ (ስማቸው ይቅር) ችግሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው ያሉት፣ «የኔ ልጅ፣ ሳህኑን አስቀምጬ ስጠራው ዝም ብሎ ይተኛል። ዘበኛው ያንን የሚንቋቋ በር ሲከፍት ቀና አይልም። ትናንትና ደግሞ ተኝቶ ከኋላው ላነሳው ብዬ ብነካው በርግጎ ጣቴን ነከሰኝ። ዓይኑንማ ይኸው እዪው፣ ብርጭቆ እኮ ነው!» ለንክሻው ፓስተር ሄደው መርፌውን ጀምረዋል፣ እሱን ደግ አድርገዋል፣ ትንሽ ቡችላም ቢሆን ንክሻ ንክሻ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን ደግሞ ሶስት ወር ሳይሞላው አንሰጠውም።

ልብ በሉልኝ፣ ሴትየዋ ካሉት ውስጥ ከሰማያዊዋ ዓይን በቀር አንድም የዓይን ነገር የለም። መጥራት፣ የበር ድምፅ፣ ተኝቶ ከኋላ ሲነኩት መደንገጥ፣ ሁሉም ጆሮ ጆሮ ነው የሚለው። ይሄንን ልናገር አፌን ስከፍት ዶክተር ገባ።

ዶክተር ኦፕራሲዮን ላይ እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን የምለው ሚዛናዊ ለመምሰል ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ምርመራ ላይ ግን ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ቦቢን ስቲል ጠረጴዛው ላይ አቆመውና ሊመታው እንደሚል ሰው መዳፉን ወደ ዓይኑ ወረወረ፣ ቡችላው አልጨፈነም። «አያይም» አለ። ከዛ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርጎ ጭንቅላቱ በላይ አንዴ ጯ! አድርጎ አጨበጨበ፣ ቦቢ ክው ብሎ ዞረ። «ጆሮው ግን ሰላም ነው።» አለቀ። ካርዱ ላይ ፈረመ፣ ቫይታሚንና ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አዘዘ። ቴትራሳይክሊን እኛ ቤት ለማይገባን ዓይን ሁሉ ነው የሚታዘዘው።

አሁን፣ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እጅ ሲመጣ መጨፈን (ሜናስ የምንለው) ቡችላ ይዞት የሚወለደው ነገር አይደለም፣ እየተማረ የሚያመጣው ነው፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላው ስላልጨፈነ ብቻ አያይም አይባልም። ጭብጨባውም ቢሆን እጁን ያየዋል፣ ነፋሱ ፊቱን ይነካዋል፣ ብረቱ ጠረጴዛ እግሩ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ምኑን ሰምቶ ምኑን እንዳልሰማ በምን ይታወቃል? ባትሪ ሳበራበት ደግሞ የሁለቱም ዓይን ብሌን ጥብብ ነው ያለችው። ይሄ ለብቻው ያያል አያሰኝም፣ ግን ቅባቱን ትንሽ ያዘገያል።

«ዶክተር ይቅርታ፣ ሜናሱ እኮ በዚህ እድሜ...» ስል «አንቺ፣ እስቲ ጥጥ አቀብዪኝ» አለኝ፣ የዓይኑን ጥግ ሊጠርግለት። ጥጡን አነሳሁ። ካነሳሁ አይቀር ደግሞ ትንሽ ቆንጥሬ ጠቅለል አደረግኩና ከቦቢ ፊት ለፊት ከላይ ለቀቅኳት። ጥጥ ድምፅ የላትም፣ ነፋስም አታነሳም፣ ለዚህ ነው የሚመረጠው። ቡችላው ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ሸኛት፣ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ዘሎ አፉ ውስጥ ከተታት።

«ምንድነው የምታደርጊው?»

«ተከተላት እኮ ዶክተር፣ ያያል።»

«በሽታ ነው የተከተላት።»

«ዶክተር፣ ጥጥ ምን ይሸታል?»

ዝም አለ። እትዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። እሱ ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ «እጅሽን አልኮል ነክቶታል» አለኝ። እጄን አልኮል አልነካውም፣ ቢሆንም ጓንት አደረግኩ፣ ከአዲሱ ጥቅል ቆነጠርኩ፣ በግራ በኩል ጣልኩ። ቦቢ ተከተላት። በቀኝ ጣልኩ። እሷንም።

«ይሄ ጥጥ በዶላር እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የምርመራ ክርክር በዶላር ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ነው። «ከደሞዜ ይቆረጥ» አልኩ፣ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ይሄኔ እትዬ ክንዴን ቀስ ብለው ነካ አድርገው «ሲስተር፣ ዶክተሩን አትረብሺያቸው» አሉኝ። ሲስተር! ደብረዘይት ቬተሪናሪ ያን ሁሉ ዓመት የላም ማህፀን ውስጥ እጄን እስከ ትከሻዬ እየከተትኩ የተመረቅኩት ሲስተር ለመባል አልነበረም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሳቋን ልትደብቅ ጠረጴዛ ስር ጎንበስ አለች።

ዶክተር ማምከን ስለነበረበት ገባ። ቦቢ የትል መድኃኒት ወስዶ እስከ ማታ ይቆይ ተባለ፣ እኔም የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ቀኑ ደግሞ 22 ነበር፣ የኡራኤል ወርሃዊ በዓል፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩን ሞልቶታል፣ መዝሙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ኬጅ ውስጥ ያሉት ውሾች አንዱ ይጀምርና ሁሉም ተቀብለው ያላዝናሉ። ቦቢ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ቡችላ ሲጠግብ ምንም አይሰማም ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬዋለሁ። ስለዚህ ኬጁን ከሌሎቹ ለየሁት፣ ስሩ ብርድ ልብስ አጥፌ አደረግኩ፣ የወለሉ ንዝረት እንዳይደርሰው ማለት ነው፣ ሌላ ውሻ ቢኖር ደግሞ ያ ሲነሳ አይቶ ይነሳል። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስደው ጠብቄ ከኋላው ቁልፍ አንሿሿሁ፣ አፏጨሁ፣ ሳህን በማንኪያ መታሁ፣ ጆሮው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እርምጃ ያህል ርቄ ቀስ ብዬ እፍ ስለው ግን ብድግ! ፀጉሩ የነፋሱን ነገር ነገረው። ጆሮውን በመብራት አየሁት፣ ንጹህ ነው፣ ማይት (የጆሮ ቅንቅን) የለም፣ መግል የለም።

ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ዓይን ያለው ውሻ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮ መጠርጠር ያለበት በምክንያት ነው። ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጡት ሴሎች የውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ስራ አላቸው፣ እነሱ ከሌሉ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች በሶስተኛው በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይሞታሉ፣ የቡችላ ጆሮ ቀዳዳ ራሱ የሚከፈተው ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ስለሆነ ሰማሁ ሳይል ያልፍበታል። አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ ዳልሜሽያኖች 30% አካባቢ ቢያንስ በአንድ ጆሯቸው አይሰሙም። በአንድ ጆሮ የማይሰማውን ደግሞ በቁልፍና በፉጨት አትደርሱበትም፣ እሱ የአንጎልን ምላሽ በኤሌክትሮድ የሚለካ ማሽን ይፈልጋል፣ እኛ ክሊኒክ ደግሞ የለንም። የሞተው ሴል በጠብታም በቅባትም አይመለስም። እህቶቹና ወንድሞቹ መሃል እያለ እነሱ ሲሮጡ አብሮ ይሮጣል፣ ሲነሱ ይነሳል፣ ስለዚህ ማንም ሳይነቃበት ይሸጣል።

ማታ እትዬ ሲመጡ ዶክተር ወጥቶ ነበር። መኪናቸው ድረስ ቡችላውን ይዤ ሸኘኋቸውና ነገርኳቸው። አለቃዬን ላለማሳጣት «በኋላ ደግመን ስናየው» ነበር ያልኩት፣ በዚች «ን» ፊደል ምን እንደከፈልኩ ታያላችሁ።

«ታዲያ ዓይኑስ?»

«ዓይኑ ከኔም ከርሶም ይሻላል።»

«እኔ እኮ ንቆኝ ነው የማይመጣ ብዬ ተቀይሜው ነበር» አሉና ከት ብለው ሳቁ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ያቺ ሳቅ የሲስተሩን ነገር አስረሳችኝ ማለት ይቻላል።

የነገርኳቸው ብዙ አይደለም። በድምፅ ፋንታ እጅ፣ መዳፍ ከፍ ሲል ቁጭ በል፣ ወደ ደረት ሲሰበሰብ ና፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚጠቀመው፣ ሰራተኛዋም ዘበኛውም ጭምር። ሲታዘዝ ወዲያው ቁራሽ ስጋ። ተኝቶ ካገኙት አይንኩት፣ ምግብ አፍንጫው አጠገብ ያድርጉለት ወይ ወለሉን ረገጥ ያድርጉ፣ ያኔ አይነክስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጊቢው መኪና፣ ሹፌሩ ክላክስ አድርጌያለሁ ብሎ ሪቨርስ ቢሄድ ቦቢ ምንም አልሰማም፣ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ወይ ታስሯል ወይ ተይዟል። «ቅባቱንስ ልቀባው?» አሉኝ በመጨረሻ፣ ገዝተውታላ። «ይቀመጥ» አልኩ።

ለሚቀጥለው ክትባት ሲመጡ ቦቢ ወፍሮ፣ እጅ ከፍ ሲል ዱብ ብሎ ቁጭ የሚል ጨዋ ሆኗል። ሪሴፕሽን ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ ዶክተርን ሲያዩ ተነስተው ጎንበስ አሉ፣ «ይባረኩ ዶክተር፣ ደግመው ባያዩልኝ ኖሮ ይሄን ልጅ በቅባት ስጠብሰው እከርም ነበር።»

ዶክተር ወደኔ ዞር አላለም። «ስራችን ነው» አለ። ከሰዓት ካርዱን ሳወጣው «ዓይኑ» የምትለዋ ተሰርዛ በላይዋ «ጆሮው» ተጽፏል፣ «አያይም»ም «አይሰማም» ሆናለች። የድሮው ጽሑፍ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ነው፣ የአሁኑ በጥቁር፣ ቀኑ ግን አልተቀየረም።

አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ባለቤት ፊት አለቃችሁን አትከራከሩ፣ ውጪ ጠርታችሁ ንገሩት እላለሁ፣ ራሴ ግን ውጪ ብጠራው ኖሮ ይወጣ ነበር ብዬ አላስብም።

በቅርቡ ደግሞ ከደብረዘይት ተማሪዎች ለልምምድ መጥተው ዶክተር አንድ ቡችላ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ያስተምራቸዋል። እኔ ቡችላውን ይዣለሁ። ጥጥ ቆነጠረ፣ ጠቅለል አደረጋት፣ ለቀቃት። «በዚህ እድሜ ሜናስ አትመኑ። እኔ ሁሌ በጥጥ ነው የማየው። ድምፅ የላትም፣ ነፋስ አታነሳም፣ ሽታ ደግሞ፣ ጥጥ ምን ይሸታል?»

ከኋላ የቆመች አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች፣ «ዶክተር፣ እጅዎን አልኮል ነክቶት ቢሆንስ?»

የያዝኩትን ቡችላ ልጥለው ነበር። ዶክተር ጥጡን አየ፣ እጁን አየ፣ ከዛ ሰዓቱን አየና «እሱን እንኳ ዶክተር ታስረዳችኋለች» ብሎ ወደኔ እያመለከተ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።