«የለም» ብሎ ለመፈረም

የምግብ ናሙና መርምሮ «ሳልሞኔላ አለ» ብሎ መጻፍ ያን ያህል አያስጨንቅም። ኮሎኒው፣ ማለትም የባክቴሪያው ክምር፣ ኤክስኤልዲ አጋር በተባለው ቀይ ማብቀያ ላይ ጥቁር ዓይኑን አፍጥጦ ይታያል፤ ማረጋገጫው ቢቀረውም ፍንጩ ፊት ለፊት ነው። እንቅልፍ የሚነሳው «የለም» ብሎ መፈረም ነው። 25 ግራም ናሙና ውስጥ አንዲት ሕያው ሴል ብትኖር እንኳ ልትገኝ ይገባል። ካመለጠች፣ ማምለጧን መጀመሪያ የሚያውቀው ምግቡን በልቶ የታመመው ሰው ነው።

እኔ ባክቴሪያ በሚዘራበት ሳህንና በሚያድግበት ኢንኩቤተር ያደግሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በምግብ የሚተላለፉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን በፍጥነት ስለመለየት ወደተዘጋጀ የተግባር ሥልጠና ስሄድ የያዝሁት ጥያቄም ይኸው ነበር፦ ማሽኑ «የለም» ሲለኝ አምኜው ልፈርም ወይ?

መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያም ማሽንም አላየንም። የቀረበልን ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ በልክ መቅጃ)፣ ባለቀለም ውኃና ሚዛን ነው። 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ግራም ያህል ስለሚመዝን የእጅን ጉድለት ሚዛኑ ያጋልጣል። ግማሾቻችን አኮረፍን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንድ ሠልጣኝ አሠልጣኛችንን «እኔ ይህን ዕቃ ስይዝ እኮ አንቺ ገና ተማሪ ነበርሽ» አሏት። እሷም ፈገግ ብላ «ይሁን አባቴ፤ እስቲ ሚዛኑን እንጠይቀው» አለች። ሚዛኑ ተጠየቀ። ሰውየው ሌላ ቃል ሳይናገሩ የፒፔቱን ጫፍ (ቲፑን) ቀይረው እንደገና ጀመሩ።

ነገሩ ሁሉ ያለው አውራ ጣት ላይ ነው። ፒፔቱ ሁለት ማቆሚያ አለው። ፈሳሹ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ይጫኑታል፤ ቲፑን ከፈሳሹ ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያጠልቁና አውራ ጣትን ቀስ አድርገው ይለቃሉ። ድንገት ከለቀቁት አየር ይገባል። ሲያወርዱት ደግሞ ቲፑን ከቱቦው ግድግዳ አስጠግተው እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ይገፉታል። ፒሲአር (ዲኤንኤን በየዙሩ እያባዛ የሚያሳይ ምርመራ) በሚሠራበት ቱቦ ውስጥ የሚጨመረው የናሙና ዲኤንኤ 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያች ጠብታ ግማሿ ቲፑ ላይ ከቀረች የማሽኑ ውድነት አያድንም።

ቀጥሎ የመጣው መጠበቅ ነው። 25 ግራም ናሙና ማጣሪያ ባለው ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያውን የሚመግብ 225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውኃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ስቶማከር የተባለው መሣሪያ በሁለት መቅዘፊያዎቹ ድብ ድብ እያደረገ ያሸዋል። ከረጢቱ በ37 ዲግሪ አካባቢ ለ18 ሰዓት ያህል ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል። ሳልሞኔላው ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ወይም በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ማገገም አለበት። ሒሳቡን በማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ ሠራሁት። የስትሪፕ ምርመራ (በቀጭን ቁራጭ ላይ በሚወጣ መስመር የሚነበበው) እንዲያየው በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ያህል ሴል ያስፈልገዋል እንበል። አንዲቷ ሴል ሩብ ሊትሩን በዚህ መጠን ለመሙላት 25 ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን ይጠበቅባታል። በግማሽ ሰዓት አንዴ ብትባዛ እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የማገገሚያው ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ሊስቴሪያ የተባለው ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ከዚህም የዘገየ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይቀር የሚራባ ፍጥረት ቢሆንም ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አያስቸኩሉትም።

እንግዲህ «ውጤት በአንድ ሰዓት» የሚሉት የሻጮች ወረቀቶች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው። ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምሩት ናሙናው ከኢንኩቤተር ከወጣ በኋላ ነው፤ የአጨዳውን ቀን ብቻ ቆጥሮ ዘሩንና ቡቃያውን እንደመርሳት። አዲሶቹ ዘዴዎች የሚያተርፉልን በኋላ ያሉትን ቀናት ነው፤ የተፈለገውን ባክቴሪያ ለይቶ የሚያሳድገውን መራጭ ማባዣ ፈሳሽ፣ ሳህኖቹንና የኮሎኒ ለቀማውን። ያ ደግሞ ትንሽ አይደለም። «የለም» እስኪባል መጋዘን ውስጥ የታገተ ምርት ያለው ሰው ይመሰክራል።

ስትሪፑን በፍጥነት ልለፈው፤ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን አስደስቶኛል፦ ያቺ ቀይ መስመር ወርቅ ናት። የወርቅ ቅንጣቶች እጅግ ሲያንሱ ቀልተው ይታያሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል ተሸክመው ባክቴሪያው ሲገኝ መስመሩ ላይ ይከማቻሉ። ላምፕ የተባለውን የዲኤንኤ ማባዣም ሞክረናል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያስተዋወቁት ዘዴ ሲሆን፣ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ የሙቀት መጠን ስለሚሠራ እንደ ፒሲአር ሙቀት የሚያፈራርቅ ማሽን አይፈልግም።

ጥያቄዬ የተመለሰው ግን ፒሲአሩ ላይ ነው። ለየጥንዱ ስሙ ያልተጻፈበት ናሙና ተሰጠን። የእኛ ከካካዎ ዱቄት የተዘጋጀ መሆኑ ብቻ ተነገረን። ኢንቪኤ የተባለውን የሳልሞኔላ ጂን የሚከታተለው መስመር ስክሪኑ ላይ ከታች ተኝቶ እስከ 40ኛው ዙር ቀና ሳይል ቀረ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ብዕሩን አንሥቶ «ኔጋቲቭ» ሊል ሲል አሠልጣኛችን ከኋላው ቆመች።

«ሁለተኛውን መስመር አይተኸዋል ልጄ?»

ሁለተኛው መስመር የውስጥ መቆጣጠሪያው ነው። ከናሙናው ጋር የማይገናኝ ዲኤንኤ ሆን ተብሎ በየቱቦው ይጨመራል፤ ሳልሞኔላ ኖረም አልኖረም እሱ መነሣት አለበት። የእኛ እሱም ተኝቷል። ስለዚህ ቱቦው «የለም» አላለም፤ ጭራሹን አልተናገረም። ካካዎ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች የተባሉ ንጥረ ነገሮች ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም አፍነውት ነበር። ካካዎ ባክቴሪያውንም ስለሚያፍን ማባዣ ፈሳሹ ላይ ቅባት የሌለው ወተት ይጨመራል፤ የወተቱ ኬዚን እነዚያን ንጥረ ነገሮች ይይዝልናል። ይህ ተደርጎ ነበር፤ ግን ለባክቴሪያው የበቃው ለኢንዛይሙ አልበቃም። ዲኤንኤውን አንድ ለአሥር አቅጥነን ደገምነው። መጀመሪያ መቆጣጠሪያው ተነሣ፣ ሳልሞኔላውም ዘግይቶ ተከተለው። አሠልጣኛችን ራሷ ናት የጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ ስለ ግዢ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። አንድ ኪት (የተዘጋጀ የመመርመሪያ ጥቅል) የምርመራ ዘዴዎች በሚረጋገጡበት በአይሶ 16140 መስፈርት መሠረት ተረጋግጧል ሲባል በየትኞቹ የምግብ ዓይነቶች ላይ እንደተረጋገጠ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሥጋና በወተት የተፈተነ ኪት ስለ ቅመማ ቅመም ምስክር አይሆንም። ቀረፋና ቅርንፉድ ከካካዎ የባሱ ናቸው።

«አለ» የሚለውም ቢሆን ከመጠርጠር አይድንም። ፒሲአር የሞተውን ባክቴሪያ ዲኤንኤ ከሕያው አይለይም፤ በሙቀት የጸዳ ምግብ ሬሳዎቹን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ የተባዛ ዲኤንኤ ያለበት ቱቦ አንዴ ከተከፈተ ብናኙ ክፍሉን ሁሉ ይወርሰዋል፤ ለዚህ ነው ሥራው ከንጹሑ ክፍል ወደ ቆሻሻው ብቻ የሚሄደው፣ ጋወኑም የማይሻገረው። ፖዚቲቭ የወጣ ናሙና ሁሉ ከማባዣ ፈሳሹ ተወስዶ ሳህን ላይ ይዘራል። ወረርሽኝ ቢነሣ ምንጩን ለማግኘት ጂኖሙ (ሙሉ ዲኤንኤው) የሚነበበው ከዚያ ከሚለየው ባክቴሪያ ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ ከአለቃዬ ጋር የተነጋገርነው ስለ ማሽኑ ዋጋ አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ጠየቅሁት፤ አንዱ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ለማዘጋጀት፣ ሌላው ዲኤንኤ ለማባዛት። «ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደል እንዴ? ክፍሉ ለምን?» አለ። አስረዳሁት፤ ገና አልተስማማንም። እስከዚያው በስትሪፑ እንሠራለን። የውጤት ቅጹ ላይ ለስትሪፑ መቆጣጠሪያ መስመር አንድ ዓምድ አስጨምሬያለሁ፤ እሱ ባዶ ሆኖ የመጣ ወረቀት ላይ አልፈርምም።